ጾም ያደረ መሬት

በዚህ በእኛ ደጋ ገበሬ ሳይታረስ የከረመ ማሳ ሲያይ «ጾሙን አደረ» ይላል። ቃሉ ድሮ ነውር አልነበረበትም። የደከመ መሬት ሁለትም ሦስትም ዓመት ጾሙን ያድር ነበር፤ ሣር ያበቅላል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ፍግ ይጠግባል፣ ከዚያ ተገምሶ ገብስ ይዘራበታል። ዛሬ ግን «ይህን የሚያህል መሬት ጾሙን ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ወቀሳ ሆኗል። በስብሰባም በሬዲዮም የምንሰማው እንደ ስንፍና ምልክት ነው። ኦሪት ይህንኑ ነገር በሌላ ስም ይጠራዋል፤ የምድር ሰንበት ይለዋል። ጾምና ሰንበት በሥርዓታችን የማይገጥሙ ነገሮች ናቸው፤ ሰንበት አይጾምም፣ በሰንበት ይበላል። አንዱን ማሳ ገበሬው «ጾሙን አደረ» ሲለው ሙሴ «ዐረፈ» ብሎታል። ዛሬ የምናገረው በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ስላለው ርቀት ነው። በኦሪት ለሚተዳደር ጉባኤ ተፈጥሮን መጠበቅ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ችግኝ መትከልም፣ ስለ ዛፍ ውበት መናገርም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እጅን መሰብሰብ ደግሞ በአንድ ሰው ደግነት የሚጸና ነገር አይደለም። ቀኑን አብሮ የሚቆጥር፣ አጥፊውን ዝም የማይል ጉባኤ ይፈልጋል።

ስለ አይሁድ ሕግ ደብረ ብርሃን ላይ መናገር እንግዳ የሚመስለው ካለ፣ የቅዳሜ ጉዳይ በአገራችን የተቆረጠው ከዚህ ሩቅ አለመሆኑን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1450 ተጉለት ውስጥ ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከግብጽ የመጡትን ጳጳሳት አስማምተው ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር አስወሰኑ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት የተሰደዱለትና የተገፉለት፣ መቶ ዓመት ግድም የፈጀ ክርክር በዚያ ተዘጋ። ደብረ ብርሃንንም ጥቂት ዓመታት ቆይተው የቆረቆሩት እኒሁ ንጉሥ ናቸው። ለኦሪት ሰንበት እንዲህ የተሟገቱት ንጉሥ በኦሪት ብቻ ጸንተው በቆዩት ቤተ እስራኤል ላይ ግን ክንዳቸው የከበደ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ምፀት ይወዳል፤ በቤተ እስራኤል ትውፊት ከንጉሡ ልጆች አንዱ፣ ጸጋ አምላክ፣ ወደ መነኩሴው አባ ሳብራ ኮብልሎ ከእነሱ ጋር መንኩሷል። እነሱም እኛም የምናነበው ኦሪት በግእዝ የተጻፈ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ የጋራችን ነው፤ በሌላው ዓለም ቁርጥራጩ ሲቀር ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው፤ የመጨረሻ ምዕራፉም ስለ ሰንበት ዕረፍት ይደነግጋል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ሕግ በዚህ አገር ለሚኖር ክርስቲያን የሩቅ ጎረቤት ሕግ አይደለም።

በሸዋ የዚህ ሕግ ጠባቂዎች ነን የሚሉት ቤተ አብርሃም ይባላሉ። በሰሜን ሸዋ የገጠር መንደሮችና በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና አንጥረኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ አገር የገባው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በአንኮበር አቅራቢያ በደን ውስጥ ስለሚኖሩ «ጠቢባን» ጽፏል። ንጉሡ ጥበባቸውን ይፈልጉታል፣ ጎረቤት ግን ይፈራቸዋል፤ በይፋ ክርስቲያን ናቸው፣ በስውር ሌላ ናቸው ይባላሉ። ቃሉ በሸዋ አፍ «ጠይብ» ሆኖ ወደ ስድብነት ሲወርድ እናውቃለን፤ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል የሚለው ተረትም አብሮት ወርዷል። ምኒልክ አዲስ አበባን ሲያቀኑ ከእነዚህ ባለ እጆች ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ መጡ፤ ቀጨኔም የሸክላ ሰፈር ሆነች። በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ደግሞ በቀጨኔ አንዳንድ ወጣቶች እምነታቸውን በአደባባይ ገልጠው በምኩራብ መጸለይ ጀምረዋል።

ነገሬ ከዚህ ላይ ይጠነክራል። የምድር ሰንበት ሕግ መሬት ላለው የተሰጠ ሕግ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን መሬት አልነበራቸውም። ለዐፄ ይስሐቅ በሚሰጠው የ15ኛው መቶ ዓመት አዋጅ መሠረት ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም፤ ፈላሲ ይሆናል። ብዙዎች ለቤተ እስራኤል የተለጠፈው የስድብ ስም የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ያድራል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል። በዚህም የተነሣ የሸዋን ደጋ የሚያርሰው ማረሻ መሬት ከሌለው ሰው እጅ ይወጣ ነበር። የዘሌዋውያንን 25ኛ ምዕራፍ ልብ ላለው ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ምዕራፍ ምድር ለዘለዓለም እንዳትሸጥ የሚከለከለው ምድር የእግዚአብሔር ስለሆነች፣ ባለ ርስቶቹም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ስለሆኑ ነው። መጻተኛነት በኦሪት የሁሉም ሰው ማዕረግ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው የሰውን ቤት ምሰሶ ነቅሎ አያነድም፤ የመጠበቅ ግዴታው የሚመነጨው ከዚያ ነው። እኛ ፈላሲ ብለን የሰደብነው ሰው የተሸከመው ስም፣ መጽሐፉ ለባለ ርስቱ የሰጠው ስም ነበር።

መሬት ለሌለው የቀረለት ሰንበት የእጅ ሰንበት ነው። አንጥረኛን በሥራው ላይ እንይ። ከወናፉ ፊት ፍሙ ይነድዳል፣ ረዳቱ ሁለቱን ቆዳ እያፈራረቀ ይነፋል፣ ብረቱ ሲቀላ በጉጠት ይወጣል፣ መዶሻው ይወርድበታል። ይህ ሥራ ያለ ከሰል አይሄድም፤ ከሰል ያለ እንጨት አይገኝም። ቅዳሜን የሚጠብቅ ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፋል፤ ወናፉ ይተኛል። በዓመት ሲቆጠር ሃምሳ ሁለት ቀን ነው፤ ዓመቱን በሰባት ብትከፍሉት አንዱ እጅ ያለ ከሰል ያልፋል ማለት ነው። ሰንበት የተሰጠው ለደን ተብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ ቋንቋውን ለውጠን የአየር ንብረት ሕግ ነበር ብንል እንዋሻለን። የምለው ሌላ ነው፤ ትርፍ እያለ፣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ፣ «ዛሬ አይሆንም» ማለትን በየሳምንቱ የተለማመደ ሕዝብ፣ ደን እንዳይቆረጥ ሲባል «አይሆንም» ማለት አይከብደውም። ልምዱ አስቀድሞ በእጁ አለ።

ሸክላ ሠሪዋም ዘንድ የሚታይ ነገር አለ። ጭቃው ብቻውን እሳት ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተሰበረ ሸክላ፣ ገሉ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ይለወሳል። የትናንቱ ጀበና ስብርባሪ በነገው ምጣድ ውስጥ ይገባል። ስትተኩስም የምታነደው ያገኘችውን ነው፤ ጭራሮ፣ ኩበት፣ ገለባ፣ ቀጨኔ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ይህን ያስተማራት ድህነት እንጂ ሃይማኖት ላይሆን ይችላል። ይሁንና በዘዳግም 20ኛ ምዕራፍ ላይ ከተማ የሚከብብ ሠራዊት የሚበሉ ዛፎችን በምሳር እንዳይቆርጥ የሚከለክለውን ሕግ የአይሁድ መምህራን ያሰፉት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ተልሙድ የመብራቱን ዘይት ያለ አግባብ ቶሎ እንዲያልቅ ያደረገ ሰው ያንኑ ሕግ ተላልፏል ይላል። ኋላም በ12ኛው መቶ ዓመት ሙሴ ማይሞንደስ ዕቃ የሰበረ፣ ልብስ የቀደደ፣ ቤት ያፈረሰ፣ ምንጭ የደፈነ፣ ምግብ በከንቱ ያበላሸ ሁሉ «አታጥፋ» በሚለው ትእዛዝ ሥር ይወድቃል አለ። በጦር ሜዳ ላይ ከነበረች አንዲት ዛፍ ተነሥቶ እስከ ጓዳ ዘይት የሚደርስ ሕግ ነው። የእኛ ቤተ እስራኤል ተልሙድን አያውቁትም ነበር፤ የደረሳቸው ኦሪቱ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ገል ግን የመምህራኑ ዝርዝር ሳይደርሳት ከዝርዝሩ መንፈስ ጋር ገጥሟል።

«ኦሪት ራሱ አይደለም ወይ ሰው ምድርን ይግዛ ያለው?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ሊን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የዘመናችንን የተፈጥሮ ጥፋት ሥር ሰው በፍጥረት ላይ ከተሾመበት ከዘፍጥረት ትረካ፣ በተለይም ከምዕራብ ክርስትና አተረጓጎም ጋር አያያዘው። ለግማሽ ምእት ዓመት ያነጋገረ ጽሑፍ ነው። ዋይት አንድ ነገር በትክክል አይቷል፤ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሥልጣኑን ያላግባብ ይጠቀማል። መልሱ ግን በቀጣዩ ምዕራፍ አለ፤ አዳም ገነት የገባው እንዲያበጃትም እንዲጠብቃትም ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚመልስለት ሕጉ ነው። ሕጉ ለገዢው ስድስት ዓመት ሰጥቶ በሰባተኛው ሥልጣኑን ይነጥቀዋል፤ አይዘራም፣ አይገርዝም፣ የበቀለው ለድኻ፣ ለእንግዳና ለዱር አውሬ ይሆናል። የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ የሚከለክለውም ይኸው ኦሪት ነው። በዚህ በአንኮበር ገደል አፋፍ፣ በስሟ አንኮበርን ለዓለም የምታስጠራ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማትገኝ ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ጎጆውን ካገኘን ምን ያህሉን እንወስዳለን የሚለው ጥያቄ ለእኛ ምሳሌ ብቻ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ወደ ባለ እጆቹ የሚዞር ነው፤ ከሰል የሚያነድ ሕዝብ የደን ጠባቂ ተብሎ እንዴት ይጠራል? ጠባቂ አላልኳቸውም፤ ሕጉ ነው የሚጠብቀው፣ እነሱ ሕጉን ተሸክመዋል። ደግሞ ይህን ደጋ ያራቆተው የጥቂት አንጥረኞች ወናፍ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ የቤተ መንግሥቱንና የከተማውን ምድጃ ይቁጠር። አዲስ አበባ በተመሠረተች በጥቂት ዓመታት ዙሪያዋን እንጨት ጨርሳ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተቃርቦ ነበር፤ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቤተ መንግሥት ሲያስብ ደግሞ ደን ይተርፋል። ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስወስደው መናገሻ ሱባ ላይ እንዳስተከሉ ይተረካል። ወፍ ዋሻ ዛሬም ከአንኮበር እስከ ጣርማ በርና ደብረ ሲና ባለው ገደል ላይ ጽዱን፣ ዝግባውንና ኮሶውን ይዞ ቆሟል።

«ደንን የሚያድን ቅድስና ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ይበቃሉ» የሚሉም አሉ። የአጥቢያ ደኖችን ዋጋ የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በብዙ ቦታ ከጥንቱ ደን የቀረው እነሱ ያጠሩት ብቻ ነው። ነገር ግን ቅጥር ያለው ቅድስና ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ዝም ይላል። ከበሩ ሲወጡ ያለው ማሳ እስከ ዳሩ ታርሶ፣ ጎርፍ ሲወስደው ቅጥሩ ምንም አይለውም። የኦሪት ሕግ ጉልበት እዚህ ነው፤ ተራውን ማሳ፣ የጓሮውን ወይን፣ የሚያርሰውን በሬ ሳይቀር ቀን ቆርጦ ያሳርፋል። የተለየ ቦታ ሳይሆን የተለየ ጊዜ ይቀድሳል። ጊዜ ደግሞ በሁሉም ማሳ ላይ ያልፋል።

የተለየ ጊዜ ለመሬት ሲሠራ ማየት ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መንዝ አለ። የጓሳ ሣር ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን ውርጫማ ምድር ይበቅላል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከብት ያተርፋል፤ በውስጡም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። መንዞች ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ቆይተዋል። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ወገኖች ተካፍለው፣ የመረጡትን አባ ቄራ ሾመው፣ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። አጫጅም እረኛም አይገባም ነበር። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መክረው በበጋ ይከፍቱት፣ ክረምቱ ሲገባም መልሰው ይዘጉት ነበር። ይህ በስሙ የምድር ሰንበት አልተባለም፤ በአሠራሩ ግን ከዚያ የሚለየው ጥቂት ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ የጋራ ሀብት ሲያደርግ ቄሮ መሠረቱ ተናጋ። አዋጁ ለጭሰኛ ያመጣውን ፍትሕ አልክድም፤ ጓሳ ላይ ግን ዘጊው ሲጠፋ ሁሉም ገባበት። ሕዝቡ ቆይቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ክልሉ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ አወቀው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ከሰንበት ጋር ይገናኛል። ሣሩ በጠባቂ ጠመንጃ ብቻ አልተጠበቀም፤ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ፣ ጎረቤቱ በሌሊት ቢያጭድ የሚያይ፣ ካየም የሚናገር ጉባኤ ስለነበረ ተጠበቀ። ጉባኤው ሲፈርስ ሣሩም ፈረሰ።

«ታዲያ ችግኝ መትከል ምን ሊሆን ነው?» ትሉኝ ይሆናል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ ሁሉ በአረንጓዴ አሻራ ሲተክል ከርሟል። ይተከል እላለሁ። ነገር ግን አይሁድ ራሳቸው በመትከል ረገድ የደረሰባቸውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1901 የተቋቋመው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ በእስራኤል ምድር ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክሏል። ሥራው የሚያስደንቅ ነው፤ ዘግይቶ ግን የአገሩ የተፈጥሮ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት ጥድ በብዛት መተከሉን ነቀፉ፤ ከሥሩ ሌላ አይበቅልም፣ እሳትም ይወደዋል ሲሉ። ይህን ለእኛ የባሕር ዛፍ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ልጨምርበት የምፈልገው፣ ባሕር ዛፍን የሚረግም ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ እንጨት ስለሌለው ወደ ማሳው መመለስ የነበረበትን ፍግ ኩበት አድርጎ ያነደዋል። ማይሞንደስ ምንጭ መድፈንን ከቆጠረ፣ የማሳን ምግብ ምድጃ ውስጥ መጨመርንም ይቆጥረው ነበር ብል ደፋር አልባልም። በቤት ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ኩበቱን ከምድጃ አውጥቶ ለማሳው ካስለቀቀ፣ ተክሉ እጅን የመሰብሰቢያ መንገድ ሆነ ማለት ነው። ተክል የሚመዘነው ባስቆመው ጥፋት ልክ ነው፤ የተተከለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጾም ያደረ መሬት ሰውን ጾሙን ያሳድራል። ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ይዞ አምስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው አንዱን ዓመት ተው ቢሉት ምን ይበላል? በእስራኤልም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ረቢዎች ማሳው በሰባተኛው ዓመት ለአይሁድ ላልሆነ ሰው በይስሙላ እንዲሸጥና ሥራው እንዲቀጥል ፈቅደዋል፤ ሌሎች ረቢዎች ደግሞ ሕጉን መሸሽ ነው ብለው እስከ ዛሬ ይቃወሙታል። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነበር፣ ሰው ሁሉ በደስታ ጠበቀው የሚል ማንም አይነሣ። ኦሪትም ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ምድርን ካላሳረፋችኋት በስደታችሁ ዘመን ራሷ ታርፋለች ብሎ ያስፈራራል።

ግን በዚሁ ኦሪት ከመሬቱ ዕረፍት ጎን ሌላ ሕግ አለ፤ እኛ ሁለቱን ለያይተን እናነባቸዋለን። በዘዳግም 15ኛ ምዕራፍ በየሰባት ዓመቱ ባለ ዕዳ ይማራል። መሬትና ዕዳ በሰባት በሰባት የሚቆጠሩት በከንቱ አይደለም። ዕዳ ያለበት ሰው መሬቱን ሊያሳርፍ አይችልም፤ አበዳሪው አይተኛለትም። ይህን ከዛሬው ኑሮ ጋር ለማያያዝ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ገበሬ ምርቱ ሲገባ ዕዳው ይጠየቃል፤ ለመክፈል ማረስ አለበት፤ የደከመውን መሬት ለማረስ ደግሞ በከርሞው የበለጠ ማዳበሪያ ይሻል፤ ለዚያም እንደገና ይበደራል። በዚህ ክብ ውስጥ ያለን ሰው «መሬትህን አሳርፍ» ማለት የኦሪትን ግማሽ ገጽ አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ነው። ቀበሌው፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ፣ እድሩም ቢሆን፣ ከማሳው ላይ አንዱን ጥማድ ላሳረፈ ገበሬ የዚያን ጥማድ የዕዳ ክፍያ አንድ ዓመት ቢያስተላልፉለት፣ ጾም ያደረ ማሳ የስንፍና ምልክት መሆኑ ይቀራል። ጓሳ የቆየውም በዚህ ነው፤ ሣሩ ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ተቸገረ፣ ሲከፈት ሁሉም አብሮ አጨደ፣ ድርቅ ሲመጣም ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቀኑን ሳይጠብቁ በሩን ከፈቱ።